ቄጠማ፦ ከበዓል ጉዝጓዝ እስከ ረግረጉ



በዓል በደረሰ ቁጥር በቤታችን ወለል ላይ ተጎዝጉዞ የምናየው፣ ቡና ሲፈላም ከዕጣኑና ከፈንዲሻው ጋር ሽታው የሚያውደን ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ አስበን እናውቃለን? እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። ዛሬ ስለዚህ ተክል ለመጻፍ የተነሣሁበትን ምክንያት በመጀመሪያ ባጭሩ ልግለጽ።

ባለፈው ዓመት ዘመን መለወጫ ሲቃረብ የወጣቶች ክፍላችን ስለ አዳራሹ ዝግጅት ለመነጋገር ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ፣ በየበዓሉ ቄጠማ እየገዙ በማግሥቱ ጠርጎ ከመጣል፣ አንድ ጊዜ የፕላስቲክ ጉዝጓዝ ገዝተን እያጠብን ብንጠቀምበት ገንዘብም ድካምም ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ብዙዎቹም ደገፉኝ። ከዚያም ለአዳራሹ ቄጠማ ለሚያመጡልን እናት ከእንግዲህ እንዳይደክሙ እንድነግራቸው ተላክሁ።

እኒህ እናት ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔስ ሌላ ሥራ አላጣም። ይሁን እንጂ ትታችሁት ከመሄዳችሁ በፊት የሚበቅልበትን ቦታ አንድ ቀን መጥተህ እየው» አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት አብሬያቸው ወረድኩ። ከዚህ በታች የምታነቡት ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርሳቸው፣ ከሌሎች ሽማግሎችና ከመጻሕፍት የተማርኩትን የያዘ ነው።

ሀ. ቄጠማ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ብዙዎቻችን ቄጠማን ሣር ነው ብለን እንጠራዋለን። ሲያዩት ሣር ይመስላል፤ ነገር ግን ሣር አይደለም። እትዬ (እንዲህ ነው የምንጠራቸው) በመጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንን ነበር። አንድ አገዳ ቆርጠው ሰጡኝና «በሁለት ጣትህ ይዘህ አሽከርክረው» አሉኝ። ባሽከረክረው እንደ እርሳስ አልዞር አለ፤ ጠርዝ ጠርዙ ጣቴን ይነካኛል። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው። ቀጥለው የሣር አገዳ ሰጡኝ፤ እርሱ ክብ ስለሆነ ያለ ችግር ዞረ።

የዕፀዋት ትምህርት የሚለውም ይህንኑ ነው። የሣር አገዳ ክብ፣ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት፣ አንጓ ያለው ሲሆን ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ። የቄጠማ አገዳ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ የተሞላና አንጓ የሌለው ሲሆን ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። ስለዚህ ሊቃውንት ቄጠማንና ዘመዶቹን ከሣር ለይተው ሳይፐሬሲ በሚባል ቤተሰብ ውስጥ መድበዋቸዋል። በዚህ ቤተሰብ በዓለም ዙሪያ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች ይገኛሉ። የእኛ ቄጠማ የሚመደበው ሳይፐረስ በተባለው ወገን ነው።

በአገራችን ከዚህ ወገን በተለይ ሦስቱን በስማቸው እናውቃቸዋለን።

1. ቄጠማ፦ ረጅምና ለስላሳ ቅጠል ያለው፣ ለጉዝጓዝ የሚቆረጠው ነው።

2. እንግጫ፦ አነስ ያለ ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዳንዶቹ ከመሬት በታች ጥሩ ሽታ ያለው ፍሬ መሰል ሥር አላቸው።

3. ደንገል፦ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ በሐይቅ ዳር የሚበቅል ነው።

ጠጅ ሣርና ጓሳ ግን፣ ምንም እንኳ አንዱ በሽታው ሌላው በአገልግሎቱ ከእነዚህ ጋር ቢቀራረብ፣ የሣር ወገን ናቸው።

ለ. ሽታው ከየት ይመጣል?

አዲስ የተቆረጠ ቄጠማ ሽታው የረጠበ መሬትና የለምለም ቅጠል ሽታ ነው። ሲረገጥና ሲታሽ ይበልጥ ይወጣል። ስለዚህ ነው በጉዝጓዝ ላይ ሰው በተመላለሰ ቁጥር ቤቱ የሚታወደው። በዘመን መለወጫ አንዳንዶች አሪቲና ጠጅ ሣር ጨምረው ይጎዘጉዙታል፤ ያን ጊዜ የሦስቱ ሽታ ተደባልቆ የበዓሉን ጠባይ ይሰጠዋል።

በዚህ ወገን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሽታ ያላቸው ክፍሎች ግን ሥሮቹ ናቸው። በተለይ ሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐረስ ሮተንደስ የተባለው የእንግጫ ዓይነት በሥሩ ውስጥ ተናኝ ዘይት ያጠራቅማል። በዘይቱ ውስጥ ሴስኩዊተርፒን ከሚባሉት ውሑዶች ሳይፐሪንና ሳይፐሮቱንዶን የተባሉት ይገኛሉ። ሥሩ ደርቆ ሲወቀጥ ወይም በፍም ላይ ሲጣል የእንጨትና የቅመም ሽታ የሚሰጠው በእነዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስገርመው ይኸው ተክል ለገበሬ ጠላት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ዓለም አስቸጋሪ አረሞች የወጣ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት ያስቀመጠው ይህንኑ እንግጫ ነው። በመሬት ውስጥ ሥሮቹ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ስለሚሄዱ፣ ገበሬው ላዩን ቢነቅለው ከታች የቀረው እንደገና ያቆጠቁጣል። አንዱ ሽቶ ብሎ የሚፈልገውን ሌላው አረም ብሎ ይነቅለዋል ማለት ነው።

ሐ. በአገራችን የሚሰጠው አገልግሎት

ጉዝጓዝ። በመላው አገራችን ቄጠማ መጎዝጎዝ የክብርና የደስታ ምልክት ነው። በልደት፣ በመስቀል፣ በዘመን መለወጫ፣ በሠርግና እንግዳ በሚጠበቅበት ቀን ይጎዘጎዛል። ቡና በሚፈላበት ቦታ ረከቦቱ የሚቀመጠው በቄጠማ ላይ ነው። የእኛ የጌዴኦ ምድር የቡና አገር እንደ መሆኑ መጠን ይህ ልማድ በየቤቱ የታወቀ ነው። ጉዝጓዙ ሲደርቅ ይጠረግና በጓሮ በእንሰቱና በቡናው ሥር ይጣላል፤ በስብሶም ማዳበሪያ ይሆናል። በስብሰባችን ላይ «ጠርጎ ከመጣል» ያልኩት ነገር በእርግጥ መጣል አልነበረም።

ለምለም ቅዳሜ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በትንሣኤ ዋዜማ፣ በቀዳም ስዑር፣ ካህናት ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱ ቄጠማ ያድላሉ። ሲያድሉም በመስቀል የተደረገውን ሰላም በግእዝ ያበሥራሉ። ምእመናን ቄጠማውን በራሳቸው ዙሪያ ያስሩታል። ቀኑ ለምለም ቅዳሜ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። አባቶች ይህንን ሲያስረዱ፣ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን፣ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ የተመለሰችውን ርግብ ያስታውሳሉ (ዘፍ. 8፥11)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ትንሣኤ የሚውለው በመጋቢት ማብቂያና በሚያዝያ አካባቢ ነው። በብዙው የሰሜን ደጋ በዚያ ወቅት በጋው ገና አላለቀም፤ የተራራው ሣር ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ለምለም ሆኖ የሚገኘው ሥሩ ውኃ ውስጥ ያለው ቄጠማ ብቻ ነው። እንግዲህ ረግረግ ባይኖር ኖሮ ለዚያ ቅዳሜ የሚታደል ለምለም ነገር ማግኘት ከባድ በሆነ ነበር።

እንግጫ ነቀላ። በጎጃም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰብስበው ወደ መስክ ይወጣሉ። እየዘፈኑ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ይጎነጉኑታል፤ ከአደይ አበባም ጋር አድርገው ወደ ቤት ያመጡታል። የጎነጎኑትን በቤተሰቡ ራስና በቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። አዲሱ ዓመት የልምላሜ ይሆን ዘንድ የመልካም ምኞት መግለጫ ነው። ይህ ልማድ በምሥራቅ ጎጃም በተለይ ታውቆ እስከ ዛሬ ይከበራል።

ደንገል። በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። በዚህ ሥራ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ አይሰጥምም። ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ ውኃ ስለሚጠጣ በየጊዜው መድረቅና መታደስ ያስፈልገዋል። የጥንት ግብፃውያን የጻፉበት ፓፒረስ የተባለው ወረቀትም ከዚሁ ተክል የተሠራ ነው። ሕፃኑ ሙሴ በወንዝ ዳር የተቀመጠበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል (ዘጸ. 2፥3)።

የቤት ክዳን። በኢሉባቦር ጨፌ እየተባለ የሚጠራው የቄጠማ ዓይነት ለቤት ክዳን ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 በዚያ አካባቢ ረግረጎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሰዎች ከረግረግ የሚያገኙት ጥቅም ብዙ መሆኑ ተገልጿል። ከእነዚህም ውስጥ የመጠጥ ውኃ፣ የቤት ክዳን፣ የበዓል ጉዝጓዝና የመድኃኒት ዕፀዋት ይገኛሉ። ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ በቆሎ በተዘራበት ቦታ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬቱ የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ ጨፌውም ተመልሶ ለማደግ ይቸገራል።

በቋንቋችንም ቢሆን ቄጠማ ቦታ አለው። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲደክም «ጉልበቴ ቄጠማ ሆነ» ይላል። ለስላሳነቱንና ወዲያውኑ የሚታጠፍ መሆኑን በማየት የተባለ ነው።

መ. በሌሎች አገሮች

ይህ የተክል ወገን በእኛ አገር ብቻ የሚወደድ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን በቤተ መቅደሳቸው የሚያጥኑት ኪፊ የተባለ ቅልቅል ዕጣን ነበራቸው። ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ከቅመሞቹ መካከል የዚህን ወገን ሥር ቆጥሮታል። በሕንድ ሙስታ፣ በቻይና ሺያንግፉ እየተባለ በባህላዊ ሕክምና ለሆድ ሕመም ሲሠራበት ኖሯል። በማሊና በሴኔጋል ሴቶች ጎዌ የሚሉትን ሥር በዕጣንነትና ለልብስ ማጠኛ ይጠቀሙበታል።

ከሁሉ የሚገርመው ከጎረቤታችን ከሱዳን የተገኘው ነው። ከኦምዱርማን በስተደቡብ በነጭ ዓባይ አጠገብ አል ኺዳይ በተባለ ቦታ የጥንት መቃብሮች ተቆፍረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በሟቾቹ ጥርስ ላይ ደርቆ በቀረው ቆሻሻ ውስጥ የእንግጫ ሥር ምልክት ተገኝቷል። ሰዎቹ ይህን ሥር በልተዋል ማለት ነው፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ የኖሩት ከ8,000 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ዘመን በኋላ በሜሮዌ ጊዜ የተቀበሩት ደግሞ ጥርሳቸው የተበላሸባቸው ጥቂቶች ሆነው ተገኝተዋል። አጥኚዎቹ፣ ሥሩ ጥርስን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን የማገድ ኃይል ስላለው ምናልባት ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

ይህን ስጽፍ ማንም ሰው ሥር ነቅሎ ራሱን ያክም ማለቴ አይደለም። ባህላዊ መድኃኒት የራሱ ዐዋቂና የራሱ መጠን አለው፤ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል።

ሠ. ረግረጉ

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ከጪጩ በታች ባለች ሸለቆ ውስጥ፣ በቡናና በእንሰት ማሳዎች መካከል፣ አንዲት ትንሽ ረግረግ አለች። ስንደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ማጭዳቸውን ይዘው ቄጠማውን ከሥሩ ሳይሆን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይቆርጣሉ። አንዱን ወገን ቆርጠው ሌላውን ወገን አይነኩትም።

«ለምን ሁሉንም አይቆርጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ የቆረጥኩት እስኪያድግ ያኛው ይቆየኛል። ሥሩን ከነቀልኩት ግን የከርሞውን በላሁት ማለት ነው» አሉኝ። ከእናታቸው የተማሩት እንደሆነም ነገሩኝ።

ይህ አነጋገር ትልቅ ትምህርት ያለው ነው። ቄጠማ ከመሬት በታች አግድም የሚሄድ ሥር መሰል ግንድ አለው። ላዩ ቢቆረጥ ከዚያ ያቆጠቁጣል። ይህ የተያያዘ ሥር አፈሩን እንደ መረብ ይይዘዋል። ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ረግረጉ ላይ ሲደርስ በቄጠማው መካከል ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን ደለል ይጥላል፤ ውኃውም ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ በቀስ ይለቅቃል። ከረግረጉ በታች ያለው፣ የእኛ መንደር ሴቶች የሚቀዱበት ምንጭ፣ ከዚህ የተነሣ ነው በበጋም የሚፈስሰው። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የጠጣሁት ውኃ በዚያ ቄጠማ ሥር እያለፈ የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የጌዴኦ መሬት በአብዛኛው ተዳፋት ነው፤ ሕዝቡም በጣም የተጨናነቀ ነው። ይህ መሬት በጎርፍ ሳይታጠብ እስከ ዛሬ የቆየው አባቶቻችን ቡናን፣ እንሰትንና ትላልቅ ዛፎችን በአንድ ላይ ማሳደግ ስለሚያውቁበት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ተዳፋቱን የሚጠብቁት ዛፎቹ ከሆኑ የሸለቆውን ወለል የሚጠብቀው ደግሞ ቄጠማው ነው ለማለት ይቻላል።

ስለ አካባቢያችን ስም አንድ ነገር ልጨምር። ከዲላ ተነሥተን በጪጩና በወናጎ በኩል ስንወርድ ይርጋጨፌ እንደርሳለን። ስሟ በቡናዋ ምክንያት በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ጨፌ ማለት ለምለም ረግረጋማ መስክ ማለት ነው፤ ብዙዎች የከተማዋን ስም ሲያስረዱ ጨፌው ይርጋ ከማለት የመጣ ነው ይላሉ። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ጨፌ መባሉም በገዳ ሥርዓት ጉባኤው በእንዲህ ያለ ለምለም መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ነው። በውጭ አገር ያንን ቡና የሚጠጣ ሰው ሳያውቀው የረግረግን ስም ይጠራል ማለት ነው።

ረ. ችግሩ

ከረግረጉ በላይኛው ጫፍ አዲስ ቦይ ተቆፍሮ አየሁ። በቦዩ ዳር የባሕር ዛፍ ችግኝ ተተክሏል። ቦዩ ባለፈበት ቦታ ቄጠማው ደርቆ ሣር ተተክቶበታል። እትዬ በእጃቸው አሳዩኝና ምንም ሳይናገሩ አለፉ።

ወደ ቤት ስመለስ በልቤ የመሬቱን ባለቤት ወቀስኩት። ከዚያ በኋላ ግን ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ እንደማይገባ አስቤ ሄጄ አነጋገርኩት። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «የአባታችንን መሬት ለአራት ወንድማማች ተካፍለነዋል። ለእኔ የደረሰኝ ከፊሉ ውኃ ነው። ልጆቼ ደብተር ይፈልጋሉ። ቄጠማውን ሴቶቹ ይቆርጡታል፤ እናንተም በዓል ታከብሩበታላችሁ፤ ለእኔ ግን ከዚያ ውስጥ አንድ ሳንቲም አይደርሰኝም። ባሕር ዛፉ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቦዩ ሥራውን ከፈጸመ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ባሕር ዛፉም በጥልቅ ሥሩ የቀረውን ይጠጣል፤ ምንጩም ይደክማል። ያን ጊዜ የሚጎዱት እትዬ ብቻ አይደሉም። የመሬቱ ባለቤት ልጆችም ውኃ የሚቀዱት ከዚያው ምንጭ ነው።

በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ በልዳዶስ የተባለው ወዳጁ፣ ደንገል ያለ ረግረግ፣ ቄጠማም ያለ ውኃ ማደግ እንደማይችሉ በጥያቄ መልክ ያነሣል (ኢዮ. 8፥11)። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሳምንት ግን የጥያቄውን ሌላ ወገን አሰብኩት። ቄጠማ ያለ ውኃ አይኖርም፤ ውኃውስ ያለ ቄጠማ ምን ያህል ይቆያል?

እኔም በስብሰባው ላይ ያቀረብኩት ሐሳብ ከዚህ ቦይ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ረግረጉ እስከ ዛሬ የቆየው ቄጠማውን የሚፈልግ ሰው ስላለ ነው። የሚፈልገው ሰው ከጠፋ ጠባቂም አይኖረውም። የፕላስቲኩ ጉዝጓዝ ርካሽ ነው፤ ይታጠባል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሽታ የለውም፤ ሲያረጅም በእንሰት ሥር አይበሰብስም፤ ተቦጫጭቆ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ሰ. ምን እናድርግ?

በአገራችን የጋራ ሀብትን በሥርዓት የመጠበቅ ልምድ አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር የሚታጨደው በፈለጉት ጊዜ አልነበረም። ሕዝቡ ቀሮ በተባለ ሥርዓት አለቃ እየመረጠ መስኩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋው፣ ሲደርስም በአንድ ጊዜ ከፍቶ ያጭደው ነበር። ይህ ልማድ ወደ 400 ዓመት ገደማ ይቆጠርለታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቀሮ ቢቀርም ሕዝቡ በሌላ መልክ መጠበቁን አልተወም፤ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰዎች ከአንድ ነገር ጥቅም ሲያገኙና ጥቅሙን በሥርዓት ሲካፈሉት እንደሚጠብቁት ነው።

ስለዚህ ለወጣቶች ክፍላችን የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ዓመት ያቀረብኩትን ሐሳብ አንሥቻለሁ። ለአዳራሹ ቄጠማ መግዛታችንን እንቀጥል።

2. በምንገዛው እያንዳንዱ ሸክም ላይ ጥቂት ጨምረን ጭማሪው ለመሬቱ ባለቤት ይድረስ። በዲላ ቡና የሚያፈሉ ሴቶችም ቄጠማ ከዚያው ስለሚገዙ እነርሱንም እናነጋግር።

3. ቄጠማ ከሥሩ እንዳይነቀል፣ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ እንዲቆይ፣ የእትዬን አቆራረጥ ወጣቶች ወርደው ይማሩ።

4. በላይኛው ተዳፋት ላይ አፈር እንዳይሸረሸር አገር በቀል ዛፍ ለመትከል በክረምት አንድ ቀን እንመድብ።

ሁለተኛውን ሐሳብ ለመሬቱ ባለቤት ነግሬው ነበር። «እስቲ እናያለን» አለኝ። ተስፋ ሰጠኝ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ሊቆፍረው የጀመረውን ሁለተኛ ቦይ ለጊዜው አቁሞታል። እስከ መቼ እንደሚያቆመው የሚወስነው የእኛ ሥራ ነው። ቃል ሰጥተን ብንቀር ቦዩን መቆፈሩ ትክክል ይሆናል።

ረግረጎችን ስለ መጠበቅ ብዙ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ ተስማምተዋል። ስምምነቱ የጸደቀበት ቀን፣ ጥር 25፣ በየዓመቱ የዓለም የረግረግ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ትልልቅ መንግሥታት የተሰበሰቡበት ጉዳይ በእኛ መንደር የአንዲት እናት ማጭድና የአንድ አባወራ ቦይ ጉዳይ ሆኖ መገኘቱ ሊያስደንቀን አይገባም። ትልቁ ነገር ከትንንሾቹ የተሠራ ነውና።

እትዬን ባለፈው ሳምንት አግኝቼ ይህን ጽሑፍ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። «ስሜን እንዳትጽፍ» አሉኝ። «እንግዲያውስ ምን ልጻፍ?» ብላቸው፣ «ከሥሩ አትንቀሉት ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እኔም ጽፌዋለሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቄጠማን ከሣር የሚለዩት አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ከሁለቱም አገዳ ወስዳችሁ በጣታችሁ እያሽከረከራችሁ አረጋግጡ።

2. በቀዳም ስዑር የሚታደለው ለምለም ነገር ቄጠማ የሆነበትን ምክንያት ከወቅቱ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

3. ረግረግ የክረምትን ውኃ ለበጋ የሚያቆየው እንዴት ነው?

4. የመሬቱ ባለቤት ያቀረበውን ጥያቄ እናንተ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ለእርሱም ለምንጩም የሚበጅ ሌላ መንገድ ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።